ትመጣለች የተባለችው ማናት?

ዘፋኝ ለቃለ መጠይቅ ሲቀመጥ የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች። ጋዜጠኛው ፈገግ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ዘፈን ለማን ነው የዘፈንከው?» ይላል። አንዳንዱ ዘፋኝ «ለሁሉም ነው» ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዱ የድሮ ፍቅረኛ ያነሳል፤ ብልጡ ሳቅ ብሎ ዝም ይላል። እውነተኛው መልስ ግን ብዙ ጊዜ አጭርና ጣዕም የሌለው ነው፤ ዘፈኑን ዘፋኙ አልጻፈውም። ግጥሙን አንድ ሰው፣ ዜማውን ሌላ ሰው፣ ቅንብሩን ሦስተኛ ሰው ሠርቶታል። የተዘፈነላት ሴት ብትኖር እንኳ ከሦስቱ የማንኛቸው እንደሆነች ለመለየት ሽማግሌ መሰብሰብ ሳያስፈልግ አይቀርም።

በካሴት ዘመን ነገሩ የተደበቀ አልነበረም። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ፣ በታጠፈችው ወረቀት ላይ ደግሞ በጥቃቅን ፊደል ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እየተባለ ስም ይደረደር ነበር። የዚያን ጊዜ የካሴት ደንበኛ ሆኖ የይልማ ገብረአብን ስም ከግጥም ጎን፣ የአበበ መለሰን ስም ከዜማ ጎን ያላየ ያለ አይመስለኝም። አይተን ግን እናልፋለን። የዘፋኙን ፎቶ ቆርጠን ግድግዳ ላይ እየለጠፍን ስሞቹ ያሉባትን ወረቀት የትም እንጥላት ነበር። አሁን ዘፈን በስልክ ሲመጣልን ያቺ የምትጣል ወረቀት እንኳ የለችም።

ለዚህ ይመስለኛል የዘፈን ታሪክ ስንባባል ሁልጊዜ «ለማን» ላይ የምንቆመው። እኔን የሚያጓጓኝ «እንዴት» የሚለው ነው። ሰው ልቡ ሲሰበር ያለቅሳል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል፤ ዘፈን ግን በዚያ ብቻ አይወጣም። ካለቀሰ በኋላ ተነስቶ የስንኝ ቀለም የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

የእኛ አገር የዜማ ታሪክ ራሱ ሲጀምር ይህንን ያውቅ ነበር። በትውፊቱ ቅዱስ ያሬድ ዜማ የተማረው ከገነት ከተላኩ ሦስት ወፎች ነው ይባላል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት የዜማ ስልቶችም ከዚያ መጡ። ይህን ሁሉም ያስታውሳል። ከወፎቹ በፊት ግን ትል አለ። ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ መምህሩ ቀጥቶት፣ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ፍሬ ለመብላት ዛፉን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ እንደገና ስትወጣ ያያል። በመጨረሻ ትደርሳለች። እሱም ወደ መምህሩ ይመለሳል። ወፎቹ የመጡት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሦስተኛም ታሪክ አለ፤ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ሲተክል ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም። አንድ ሰው ስለ ፈጠራ ሥራ መጽሐፍ ጻፍ ቢባል ከእነዚህ ከሦስቱ ብዙ የሚጨምረው ያለ አይመስለኝም፤ መውደቅና መነሳት፣ የማታውቀው ነገር ከላይ ሲመጣልህ፣ ከዚያም ሰሚውና አሰሚው አብረው ሲጠፉ። እኛ ወፎቹን ይዘን ትሏን ረሳናት።

የቅኔ ቤት ሰዎች አልረሷትም። ቅኔ በእነሱ አነጋገር «ይቆጠራል»፣ ቀጥሎ «ይዘረፋል»። ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ወደ ጫካ ወይም ወደ መቃብር ሥፍራ ለብቻው ይሄድና ይቆጥራል፤ ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት። ዘረፋው ከዚያ በኋላ ነው። ከውጭ ለሚያየው የቅኔ ዘራፊ ከአፉ እንዳመጣለት የሚናገር ይመስላል፤ ያ ቅልጥፍና ግን ስንት ዓመት ከተቆጠረ በኋላ የመጣ ነው። የዘፈን ግጥምም ከዚሁ ወገን ነው ባይ ነኝ፤ የማይመስለን ቀለል ብሎ ስለምንሰማው ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ስል አንድ ነገር ሞከርኩ። አንድ ምሽት ተቀምጬ ሁለት ስንኝ ገጣጠምኩ፦

ትመጣለች ብዬ በር ከፍቼ ሳድር፣
ነፋሱ ገባና ሲያዋየኝ ነበር።

የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት ቀለም። አባቶቻችን ቀረርቶውንም ሙሾውንም የልጅ እሹሩሩውንም ሲያወርዱበት የኖሩት መለኪያ ስለሆነ ጆሮ ሳይማር ያውቀዋል። በሥራዬ ኮርቼ በዜማ ለሚተዳደር አንድ ወዳጄ በስልክ ላክሁለት። በማግስቱ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ግን አፍ ይዘጋል።»

«ምን ማለት ነው አፍ ይዘጋል?»

«እስቲ 'ሳድር' የሚለውን ጎትቱት።»

ጎተትኩት። ሞክሩት እናንተም። «ድ» ላይ ያለችው ድምፅ አጭር ናት፤ ገና ስትጀምራት «ር» መጥቶ ምላስህን ይይዘዋል። ዘፋኝ ደግሞ ድምፁን አሳርፎ የሚያንቀጠቅጠው የስንኙ መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ላይ ሳድስ ካስቀመጥክለት ወይ «ርርር» ሲል ይኖራል፣ ወይ የሌለ «እ» ጨምሮ «ሳድርእእእ» ይላል። «ነበር» ትንሽ ትሻላለች፤ እሷም ብትሆን ብዙ አትሄድም። ወዳጄ እንዲህ አለኝ፤ «'አ' ስጡኝ ጋሼ። 'አ' ካለ ግማሹን ሥራ ሠርታችሁልኛል።»

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፦

ትመጣለች ብዬ በሬም አልተዘጋ፣
ነፋስ እያዋየኝ ይኸው ሌቱ ነጋ።

ቀለሙ ያው ስድስት በስድስት ነው፤ መጨረሻው ግን ተከፈተ። «ጋ» ላይ ዘፋኝ ከፈለገ እስከ ንጋት ድረስ መቆየት ይችላል። የገረመኝ ሌላ ነው፤ አናባቢ ፍለጋ ስሄድ ሐሳቡም ተለወጠ። የመጀመሪያው ላይ ሰውዬው ነፋሱ ያዋየው እንደነበር ብቻ ያወራል። ሁለተኛው ላይ ሌቱ ነግቷል፤ መንጋቱም ደስታ አይደለም፣ አልመጣችም ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ ብል ውሸት ነው። «ጋ» የሚል ፊደል ፍለጋ ስዞር «ነጋ» የሚለው ቃል መንገድ ላይ አገኘኝ። ስንት የምናለቅስላቸው ስንኞች እንዲህ እንደተወለዱ ማን ያውቃል? ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ገጣሚዎቹ ይነግሩን ነበር። እኛ ግን የምንጠይቀው ዘፋኙን ነው፤ ያውም ስለ ፍቅረኛው።

እዚህ ላይ ላልቶ ጠብቆ የሚነበበውም ጣጣ አለ። በጽሑፍ አንድ የሆኑ በአፍ ሁለት የሚሆኑ ቃላት አማርኛ ሞልቶታል። «ገና ነው» ስትል ላልቶ ከተነበበ ጊዜው አልደረሰም ነው፤ ከጠበቀ ታኅሣሥ መጨረሻ ደርሰህ በግ መግዛት አለብህ። ዜማ ደራሲው ኖታውን ያለ ቦታው ቢያሳጥረው ወይም ቢረግጠው ተለያይቶ የሚያለቅሰው ፍቅረኛ የበዓል ዋዜማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ጥሩ የዜማ ሰው ግጥሙን መጀመሪያ የሚያነበው ጮክ ብሎ ነው። የቃሉ ክብደት የት እንደሚያርፍ ሳይሰማ ዜማ አይሰጠውም።

ዜማው ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል። ዛሬ የተለመደው ይኼ ነው፤ የዜማ ደራሲው ስልኩ ላይ «ላ ላ ላ» ወይም «ና ና ና» እያለ ያንጎራጉርና ለገጣሚው ይልካል፤ ገጣሚውም እንደ ልብስ ሰፊ ልኩን ወስዶ ቃል ይቆርጣል። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ፖል ማካርትኒ «የስተርዴይ» የተሰኘውን ዜማ ከእንቅልፉ ሲነቃ አእምሮው ውስጥ እንዳገኘውና ግጥም እስኪመጣለት ድረስ ስለ እንቁላል ፍርፍር እያንጎራጎረ እንዳቆየው ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1965 ወጥቶ ዓለም ሲያለቅስበት ከሥሩ የቁርስ ሳህን እንደነበረ ማንም አላየም። የእኛዎቹም በጊዜያዊ ቃል ይዘው የሚያቆዩዋቸው ዜማዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ምን ምን እንደሆኑ ግን በጋዜጣ የሚወጣ አይደለም።

ዜማ ቀድሞ የመጣለትና ግጥም ቀድሞ የመጣለት ዘፈን በጆሮ ይለያሉ ብዬ አምናለሁ። ግጥም ሲቀድም ዜማው በወል ቤቱ መተላለፊያ ነው የሚሄደው፤ ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት። ዜማ ሲቀድም ሐረጉ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ይሰበራል። ሁለተኛው የበለጠ ዘመናዊ ይመስላል። ከሠርግ በኋላ ሰው መኪና ውስጥ ሳያስበው ሲዘፍን የምሰማው ግን የመጀመሪያውን ነው።

ይህ ግጥም ለአንዱ፣ ዜማ ለሌላው የሚለው ክፍፍል ከየት መጣ? አዝማሪው አልነበረውም። መሰንቆውን ይዞ፣ ቅኝቱን ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ ራሱ መርጦ፣ ግጥሙንም ራሱ ያወርድ ነበር። ክፍፍሉን ያመጣው ደሞዝ ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ እነዚህ ሁሉ ሙዚቃን በመደብ የሚሠራ ሥራ አደረጉት። ድምፃዊ በድምፃዊነት፣ ሣህሌ ደጋጎን የመሰለ ሰው በዜማና በቅንብር፣ ገጣሚው በግጥም ይቀጠራል። እንደ ኔርሲስ ናልባንዲያን ያሉ የአርመን ተወላጅ መምህራን የኖታውን ሥርዓት ሲያመጡ አቀናባሪ የሚባል፣ አዝማሪው የማያውቀው ሙያ ተፈጠረ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ነበር፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አዋጁን ወደ ጎን ብሎ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ግን እነዚህ ሙያተኞች ከግቢ ወጥተው ገበያ ላይ ተገናኙ። የዚያን ጊዜ ሸክላዎች እስካሁን የሚደመጡት ወርቃማ ዘመን ስለተባሉ ብቻ አይመስለኝም። ለብዙ ዓመት በደሞዝ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ መዝረፍ ስለተፈቀደላቸው ነው።

ወደ ግጥሜ ልመለስ። «ትመጣለች» ያልኳት ማናት?

እኔ ሳስብ የነበረው ሴት ነበር፤ ያውም የተለየች አይደለችም፣ ለስድስቱ ቀለም የተመቸች ሴት። ሴት ዘፋኝ ይህን ልትዘፍነው ብትፈልግ ወዲያው ችግር አለ። «ይመጣል ብዬ» አምስት ቀለም ነው፤ አንዱ ጎደለ። ስለዚህ «ይመጣል እያልኩኝ» መባል አለበት። አማርኛ ጾታን በግሱ ላይ ስለሚያስር ዘፈን ከወንድ ወደ ሴት ሲሻገር ልብሱን ማሳጠር ወይም ማስረዘም ግድ ነው፤ አንዳንዱ ዘፈን በዚህ ምክንያት ዕድሜ ልኩን የወንድ ሆኖ ይቀራል።

ይህ የጾታ ጉዳይ ግን ሌላ በርም ይከፍታል። አገርም አማርኛችን ላይ «እሷ» ናት። ነፃነትም ብትሆን፣ ዝናብም ብትሆን «ትመጣለች» ልትባል ትችላለች። እኔ በሬን የከፈትኩት ለሴት ነው ብልም አድማጩ «ሌቱ ነጋ» ሲል የሰማውን ይሰማል። ንጋት ደግሞ በዚህ አገር ስንቱ ሲጠብቀው የኖረ ቃል ነው! ሰምና ወርቅ ሲባል ወርቁን የሚቀብረው ገጣሚው ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ ገጣሚው ሰሙን ብቻ ይሠራል፤ ወርቁን ቆፍሮ የሚያወጣው፣ ካጣም ከቤቱ አምጥቶ የሚጨምርበት አድማጩ ነው።

የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» የዚህ ምሳሌ ነው። ጥላሁን የክቡር ዘበኛ ሰው ነበር፤ ክቡር ዘበኛ ደግሞ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ሙከራው ሲከሽፍ ጥላሁንም ታሰረ። ዘፈኑ ከዚያ ወዲህ የፍቅር እንጉርጉሮ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ሰው የራሱን «አልቻልኩም» ሰማበት። ገጣሚው ይህን አስቦ ነበር ወይ የሚለው ክርክር በየመጠጥ ቤቱ ስንት ጊዜ ተካሂዷል። እኔ ክርክሩ አያስፈልግም ባይ ነኝ። አልቻልኩም የሚል ሰው ምን እንዳልቻለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሕዝብም እንዲሁ።

ሳንሱሩም ይህን ስለሚያውቅ ነው ግጥም ሲቆርጥ የኖረው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ግጥም ለምርመራ ይቀርብ ነበር፤ ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ነው። መርማሪው ወርቅ ፈላጊ ነበር፤ የሥራው ክፋት ግን ከሁሉም አድማጭ የበለጠ አጥብቆ ማዳመጡ ነው። የሌለ ወርቅ አገኘሁ ብሎ ሲቆርጥ፣ ያለውን ሳያይ ሲያሳልፍ ኖረ። ገጣሚውም ለመርማሪ የሚሆን ሰም መሥራት ተማረ። የዚያን ዘመን የፍቅር ዘፈኖች ያን ያህል ጥልቀት ያላቸው የሚመስሉን ከፍቅሩ ይሁን ከፍርሃቱ መለየት ያስቸግረኛል።

አድማጭ የዘፈን ደራሲ መሆኑ አዲስ ነገርም አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ያውቀዋል። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ አንድ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ፣ የጎደለውን ቀለም ሞልቶ፣ የተረፈውን ቆርጦ በመሰንቆው ይመልሳል። ሙሾ አውራጇም እንዲሁ ናት። ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምታደርገው መጠየቅ ነው፤ ሟች የማን ልጅ ነበር፣ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ጥሎ ሄደ። ከዚያ የቤተሰቡን ኀዘን በወል ቤት አድርጋ ለባለቤቶቹ ትመልስላቸዋለች። እነሱ ነግረዋት እነሱ ያለቅሳሉ። ትዝታም በዚሁ መንገድ የኖረች ናት። ደራሲ የላትም፤ ቅኝትም ናት፣ ዘፈንም ናት፣ ስሜትም ናት፤ መሐሙድ አሕመድም በዛወርቅ አስፋውም ስንኞች እየመረጡ የራሳቸው አደረጓት። ትዝታ ለማን ነው የተዘፈነው ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እስካሁን አላየሁም።

አንዳንድ ጊዜ ዘፈን የሚመጣው ከሰው ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ ላይ «ማር እስከ ጧፍ» የምትል ዘፈን አለች፤ መነሻዋ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ርዕሷን ብቻ እንያት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚለው ቅርጽ ላይ ሁለት ቃል ለውጦ ከንብ ቀፎ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ አስገባበት፤ ማሩ ተበልቶ ሰሙ ጧፍ ሆኖ ይነዳል። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ታሪክ ጣፍጦ ጀምሮ ተቃጥሎ ያለቀ ነውና በሦስት ቃል ልብ ወለዱ ተጠቀለለ። ሰም ስል ደግሞ ሰምና ወርቅ ትዝ ይበላችሁ። ልብ ወለዱን አብዛኛው ሰው ያወቀው በዓይኑ አንብቦ ሳይሆን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ መሆኑም ሊረሳ አይገባም። መጽሐፉ ዘፈን ከመሆኑ ስንት ዓመት በፊት ድምፅ ሆኖ ነበር።

ቴዲ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ ሰው ነው፤ እጅጋየሁ ሽባባውም እንዲሁ። ሁለቱም ስለ አድዋ ዘፍነዋል፤ እሷ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው አልበም፣ እሱ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» ላይ። ጦርነቱ አንድ ነው። እሱ ወደ ዘመቻው ገብቶ ንጉሡንና ጦሩን አስከትሎ ይሄዳል፤ እሷ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቆማ፣ በሰው ሞት የተገኘ ሕይወቷን ይዛ ታመሰግናለች። እኔ የማደላው ወደ እሷ ነው፤ ምክንያቱም ቀስ ስለምትል ነው። ፉከራ ለማዘጋጀት የሺህ ዓመት ልምድ አለን፤ የሞቱልንን ሰዎች በዝግታ ማመስገን ግን ከባዶ መጀመር ነበረበት።

ሁሉን በራስ መሥራት የብቸኝነት ሥራ ነው። ከዚህም የባሰ ብቸኝነት ግን አለ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ በደለስ አየር ማረፊያ ተራ እየጠበቀ በባትሪ ይለማመድ ነበር። ተሳፋሪ ሲመጣ ያጥፈዋል፤ ሲወርድ እንደገና ይከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። በአንድ ጉዞና በሚቀጥለው መካከል ባለች ደቂቃ ውስጥ ስንት ዜማ ተጀምሮ እንደተቋረጠ ሳስብ፣ ትሏ ከዛፉ ላይ ስንት ጊዜ እንደወደቀች የሚቆጥር ሰው ያገኘሁ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የገንዘቡን ነገር ዘልዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አይዘለልም። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለገጣሚውና ለዜማ ደራሲው መብት ይሰጣል፤ በሕይወት እስካሉና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ዘፋኙ በየመድረኩ ሲከፈለው ግጥሙን የጻፈው ሰው ግን አንድ ጊዜ በተቀበላት ገንዘብ የሚቀርበት ዘመን ረጅም ነበር። ኤልያስ መልካ ይህ እንዲለወጥ ከደከሙት አንዱ ነው። የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ»ንና የእዮብ መኮንን «እንደ ቃል»ን የመሰሉ አልበሞች በእጁ ያለፉ አቀናባሪ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ከሥራቸው በቀጥታ እንዲያገኙ የታሰበው አውታር የተባለው የሙዚቃ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ከመሥራቾቹ መካከል ነበረ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ሕዝቡ የዘፋኞቹን ድምፅ ሲያውቅ ኖሮ የአቀናባሪውን ፊት በደንብ ያየው ያን ሳምንት ይመስለኛል።

ግጥሜ የት ደረሰ ላላችሁ፣ ወዳጄ በአምባሰል ዜማ አንጎራጉሮ ላከልኝ፤ «ጋ» ላይ እንዳለውም አደረገው፣ ሄደበት። ባለፈው ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ስሰማው እማማ፣ ጎረቤታችን፣ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆም አሉ። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የሚያስለቅሳቸው መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

«እውነቱን ነው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በእኛም በኩል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትመጣው። ትናንትም ስጠብቃት አድሬ ሳትመጣ ነጋ።»

«ማን እማማ?»

«ውሃ ናታ!»